ለራሳችሁስ ደብዳቤ ጽፋችኋል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እንድጽፍ ምክንያት የሆነችኝ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖር ልጅ ናት። ዘንድሮ በሳይኮሎጂ ተመርቃለች፣ የመውጫ ፈተናውንም በመጀመሪያው ዙር አልፋለች። ባለፈው ቅዳሜ እናቷ ቡና ጠርተውን ተቀምጠን ሳለ ስልኳን ይዛ ከጓዳ እየሮጠች ወጣችና "ተቀበሉኝ!" አለች። ጀርመን አገር አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ለአንድ ዓመት በበጎ ፈቃድ ለማገልገል አመልክታ ነበር። እናቷ እልል አሉ። እኔም አቅፌ ሳምኳት፣ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። ትንሽ ቆይቼ "ዓመቱ ሲያልቅስ ምን ልታደርጊ አሰብሽ?" ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ከዚያ "እሱን እዛ ስደርስ አስብበታለሁ" አለችኝ።

ያንን መልስ አውቀዋለሁ። እኔም ቃል በቃል እንዲሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ዋጋም ከፍዬበታለሁ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ለእሷና እንደ እሷ ሻንጣ ለማዘጋጀት ለሚጣደፉ አዲስ ተመራቂዎች ነው። አትሂዱ አልላችሁም። ሂዱ። ግን ከመሄዳችሁ በፊት ከሕይወታችሁ ምን እንደምትፈልጉ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ፤ እዚሁ፣ እናታችሁ ቤት ሆናችሁ፣ ቪዛው ፓስፖርታችሁ ላይ ሳይለጠፍ።

የራሴን ልንገራችሁ። በ2009 ዓ.ም. በሶሺዮሎጂ ተመረቅኩ። እንደማንኛውም ተመራቂ ሲቪ አባዝቼ ከተማውን ዞርኩ። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ መሀል ከተማ ሥራ መፈለግ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ቃሊቲ ላይ ታክሲ መቀየር አለ፣ ሳሪስ ላይ መንገዱ ይዘጋል፣ ደርሼ የማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ስቆም ግማሽ ቀኑ አልቋል። ማስታወቂያው ሁሉ "ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ" ይላል። "ዜሮ ዓመት" የሚል ከተገኘ ደግሞ ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ አስፋልት ይደርሳል። ስምንት ወር እንዲህ ካለፈ በኋላ አንዲት የክፍሌ ልጅ ስለ ጀርመኑ ፕሮግራም ነገረችኝ። ስድስት ኪሎ ወዳለው የጀርመን ባህልና ቋንቋ ተቋም፣ ጎተ፣ እየተመላለስኩ ቋንቋውን ጀመርኩ፣ አመለከትኩ፣ አለፍኩ።

ሲያመለክቱ ሞቲቬሽን ሌተር፣ ማለትም ለምን መሄድ እንደፈለጉ የሚያስረዳ ደብዳቤ፣ ይጠየቃል። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። አያቴ እጅ ላይ እንዳደግኩ፣ አረጋውያንን እንደምወድ፣ የሌላ አገር ሰው አኗኗር ማወቅ እንደምፈልግ። አንድም የዋሸሁት የለም። ቅጂው አሁንም አለኝ፣ አልፎ አልፎ አውጥቼ አነበዋለሁ። እኔ ግን ውስጡ የለሁም። ምን መሆን እንደምፈልግ፣ ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ ምን እየሠራሁ መገኘት እንደምፈልግ፣ ያ ዓመት ለዚያ ምን እንደሚረዳኝ አንድ መስመር የለም። እውነቱን ለመናገር ወደ አንድ ነገር እየሄድኩ አልነበረም፤ እየሸሸሁ ነበር። የሸሸሁት ያንን ሰልፍ ነው። ደረጃ ላይ ባገኘኝ ቁጥር "ሥራ አገኘሽ ወይ?" የሚለኝን ጎረቤትም ጭምር።

ለማያውቁት ትንሽ ላስረዳ። ጀርመኖች ይህን አገልግሎት ቡንደስፍራይቪሊገንዲንስት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የግዴታ ውትድርናን ሲያቆሙ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት መሣሪያ አልይዝም የሚል ወጣት በምትኩ ሆስፒታልና የአረጋውያን ቤት ውስጥ ያገለግል ነበር፤ እሱ ሲቀር ቦታውን በጎ ፈቃደኛ ተካው። አብዛኛውን ጊዜ ማደሪያና ምግብ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ የኪስ ገንዘብ አለ። ደመወዝ የለም። ይህን ነገር አስምሩበት፣ እመለስበታለሁ። ለወጣቶች በዓመቱ ውስጥ 25 ቀን ሴሚናርም አለ።

የመጀመሪያው ሴሚናር ላይ አስተባባሪዋ ባዶ ወረቀት አደለችን። "ዓመቱ ሲያልቅ ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ?" አለች። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ገና አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰች የመጣች። ጽፋ ስትጨርስ አሳየችኝ። "ነርስነት ልማር ወይስ ይቅርብኝ? ሰው ሲሞት አጠገቡ መቆም እንደምችል ማወቅ እፈልጋለሁ" ይላል። እኔ በዕድሜ የምበልጣት፣ ዲግሪ የያዝኩት፣ "ልምድ ማግኘት" ብዬ ነበር የጻፍኩት። ልጅቷ በስድስተኛው ወር መልሷን አገኘች። አልችልም ነው መልሷ። ስትነግረኝ ግን ፊቷ ያበራ ነበር፣ ሦስት ዓመት ተምሬ ከምጸጸት ተረፍኩ አለችኝ። እኔ ምንም አልጠየቅኩም ነበርና ምንም መልስ አልመጣልኝም።

ሥራውን ወድጄው ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እገባለሁ። አልጋ አነጥፋለሁ፣ ቁርስ አበላለሁ፣ ከሰዓት በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱትን ወደ ውጭ አወጣለሁ። አንዲት ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ስሜን መጥራት አቅቷቸው በራሳቸው ቋንቋ "ልጄ" ይሉኝ ነበር። ሲሞቱ ለአያቴ እንዳለቀስኩት አለቀስኩ። ያ ዓመት እንደ ሰው ብዙ ነገር ጨምሮልኛል፣ አልክድም።

ስምንተኛው ወር ላይ አብረውኝ ከነበሩት የውጭ አገር ልጆች ሦስቱ አውስቢልዱንግ ለመግባት ወረቀት ማሟላት ጀመሩ። አውስቢልዱንግ ማለት እየተከፈለ ሙያ የሚማሩበት ነው፣ ነርስነቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ማመልከቻው ትምህርቱ ከሚጀመርበት ወራት ቀድሞ ነው የሚገባው። የቋንቋ ደረጃው ከኤ ዋን፣ ኤ ቱ ተነስቶ ወደ ቢ ዋን፣ ቢ ቱ ከፍ ይላል፤ እነሱ ቢያንስ ቢ ዋን፣ ብዙ ቦታ ቢ ቱ ይፈልጋሉ። እኔ ከኤ ቱ ብዙም አልራቅኩም ነበር። ማታ ማታ ክፍሌ ገብቼ የአማርኛ ቪዲዮ እያየሁ ነበር የማመሸው፤ ናፍቆቱ ይከብዳል፣ ብርዱም ይከብዳል፣ ለማን ብዬ ላጥና? ልቆይ ወይስ ልመለስ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ደክሞኝ፣ ቤት ናፍቆኝ፣ የቪዛው ቀን እየቀረበ። እንደዚያ ሆኖ ደግሞ ሰው ስለ ሕይወቱ በትክክል አያስብም። ለመቆየት አልተዘጋጀሁም፣ ለመመለስም አልተዘጋጀሁም። የቲኬቱ ቀን ሲደርስ ተመለስኩ።

ቦሌ ቤተሰቡ ሁሉ አበባ ይዞ መጥቶ ነበር። ዶሮ ተሠርቷል፣ ጎረቤት ተጠርቷል። በሳምንቱ ግን "ምን ይዘሽ መጣሽ?" የሚለው ጥያቄ መጣ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። "ውጭ" የሚለው ቃል እኛ ሰፈር አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ውጭ የሄደ ሰው ገንዘብ አለው። እኔ የነበረኝ ከኪስ ገንዘቡ ያጠራቀምኳት ጥቂት ዩሮና ሁለት ሻንጣ ልብስ ነው። ትንሹ ወንድሜ ላፕቶፕ ሲጠብቅ ነበር። እናቴ ለእድር ጓደኞቿ ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፣ ጠይቄያትም አላውቅም።

ከዚያ የምስክር ወረቀቴን ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊው ገለጥ ገለጥ አድርጎ "ግብር የተከፈለበት የሥራ ልምድ ነው?" አለኝ። አይደለም አልኩት። "እንግዲያው ዜሮ ዓመት ነሽ" አለኝ። የታዘዘውን ነው የተናገረው፣ እሱን አልቀየምኩትም። ደረጃውን ስወርድ ግን ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥዬው ወደሄድኩት ሰልፍ፣ በዓመት አርጅቼ፣ ከእኔ በኋላ ከተመረቁት ጋር እኩል ተመልሼ ገባሁ ማለት ነው። ዓመት ከሁለት ወር ቤት ተቀመጥኩ። ከቤት መውጣት አስጠላኝ፣ የጓደኞቼን ስልክ ማንሳት ተውኩ። ዛሬ ከአረጋውያን ጋር በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነኝ፣ ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን ያ ዓመት ከሁለት ወር መባከን አልነበረበትም፣ ይህን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ግብ አውጡ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ግልጽ ላድርግ። በየሥልጠናው አዳራሽ ፎርም ላይ ሞልተን የምንረሳውን "በአምስት ዓመት ውስጥ ሥራ አስኪያጅ እሆናለሁ" አይደለም። እኔ የምለው የዚያችን ጀርመናዊት ልጅ ዓይነት ጥያቄ ነው። ስለ ሕይወቴ ያልመለስኩት ትልቁ ጥያቄ ምንድነው? ይህ ዓመት ሊመልስልኝ ይችላል ወይ? ሊመልስልኝ ካልቻለ ወይ ሌላ ቦታ ላመልክት፣ ወይ ሌላ ዓመት ልሂድ። አስተማሪ መሆን የሚፈልግ ልጅ መጋዘን ውስጥ ልብስ የሚለይበት ቦታ ደርሶት ከሄደ ዓመቱ ለሌሎች ጠቅሞ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ግን ሲመለስ የሄደበት ቦታ ላይ ነው የሚገኘው።

ለጎረቤቴ ልጅ መጀመሪያ ያልኳት ይህን ነው። ከጋዜጣ ላይ፣ ስትመለሺ መሥራት የምትፈልጊውን ሥራ የሚመስሉ ሦስት ማስታወቂያዎች ቁረጪ። ደብተርሽ ላይ ለጥፊያቸው። የሚጠይቁትን አንድ በአንድ አስምሪ። ልምድ ይላል፣ ኮምፒውተር ይላል፣ ሪፖርት መጻፍ ይላል፣ አንዳንዱ የሦስተኛ ወገን ዋስ ሁሉ ይላል። ከዚህ ውስጥ የትኛውን እዛ ሆነሽ ማግኘት ትችያለሽ? ሪፖርት መጻፍ ካስፈለገሽ ከሦስተኛው ወር በኋላ ኃላፊሽን ሄደሽ "የቀኑን መዝገብ እኔም ልጻፍ" በያት። ጀርመን ውስጥ ፈቃደኛ ሠራተኛ ሲጨርስ ስለሠራው ሥራና ስለ ጠባዩ በጽሑፍ የሚመሰክርለት ወረቀት የማግኘት መብት አለው፤ እኔ ይህን ባለማወቄ የመጣሁት ስሜና ቀን ብቻ ባለበት ነጠላ ወረቀት ነው። ምን እንደሠራሽ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራሽ ተዘርዝሮ፣ ፊርማና ማኅተም ኖሮት እጅሽ ሳይገባ አውሮፕላን ላይ እንዳትወጪ አልኳት።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ቤተሰብ። ወላጆቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ "ይህ ሥራ አይደለም፣ ደመወዝ የለውም፣ ብር አልልክም" ማለት አለባችሁ። በስልክ እዛ ከደረሳችሁ በኋላ ሳይሆን አሁን፣ ፊት ለፊት። አፍ ላይ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ አልቻልኩም፤ እናቴ ስትጠይቀኝ "ይሰጡናል እማዬ፣ አታስቢ" ብዬ አለፍኩት። ከዚያ በየወሩ ከኪስ ገንዘቤ ላይ ቆርጬ እልክላቸው ነበር፣ ለቋንቋ ትምህርት ልከፍለው የምችለውን። ከእኛ ጋር የነበረች የሌላ አፍሪካ አገር ልጅ ደግሞ ባዶ እጄን አልመለስም ብላ ቪዛዋ ካለቀ በኋላ ቀረች። የት እንዳለች አላውቅም። ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም፣ ሌባም አልነበረችም። ቤት ያሉት የሚጠብቁትን ነገር ማስቆም አቅቷት ነው። ታላቅ ልጅ የሆናችሁ፣ ታናናሾቻችሁን የምታስተምሩ ከሆነ ደግሞ ይህን ዓመት ቤታችሁ ይችለው እንደሆነ በቁጥር ማስላት አለባችሁ። የማይችል ከሆነ ዓመቱን ማስተላለፍ ነውር የለውም። ሥራ ይዛችሁ፣ እቁብ ጥላችሁ፣ ለቤቱ የስድስት ወር አስቤዛ አስቀምጣችሁ በሃያ ስድስት ዓመታችሁም መሄድ ይቻላል።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው፣ ግን አትናቁት። ብዙዎቻችን የወጪ መጋራቱን ሳንጨርስ ስለምንሄድ እጃችን ላይ ያለው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊው የዲግሪ ማስረጃ፣ ነው። እዛ ትምህርት ልቀጥል ያለ ሰው ኦርጅናሉን ይጠየቃል። ስለዚህ ወይ ከፍላችሁ ውሰዱ፣ ወይ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ለእናት ወይ ለወንድም ውክልና ስጡ፤ እናንተ በሌላችሁበት ማስጨረስ እንዲችሉ። ትራንስክሪፕታችሁንም ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንና ውጭ ጉዳይ ወስዳችሁ አስረጋግጡ። እኔ ከሩቅ ሆኜ በወንድሜ በኩል ላስጨርስ ስል ውክልና የለህም ተብሎ ሦስት ጊዜ ተመልሷል።

ግብ ያለው ሰው በደላላም በቀላሉ አይታለልም። እኛው ብሎክ ያለ አንድ ልጅ "ካናዳ በበጎ ፈቃድ እንልካለን" ላለ ሰው ቤተሰቡ ተበድሮ ያመጣውን ብር ከፍሎ ሰውየው ስልኩን ዘጋ። ሥራው ምን እንደሆነ፣ አለቃው ማን እንደሆነ፣ ቀኑን ምን ሲሠራ እንደሚውል አንድም ቀን አልጠየቀም ነበር፤ መሄድ ብቻ ነበር የፈለገው። በእርግጥ አንዳንድ ድርጅቶች በሕጋዊ መንገድም ፈቃደኛውን ያስከፍላሉ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን ሳይከፍሉ የሚኬድበት መንገድ አለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጀርመን ቦን የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ለማመልከት ሳንቲም አይጠይቅም፣ ከ18 እስከ 26 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች የተለየ ምድብ አለው፣ የወር መተዳደሪያም ይሰጣል። የአፍሪካ ኅብረት ወጣት በጎ ፈቃደኞች ቡድንም አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ። ከ18 እስከ 35 ዓመት ያለውን የአፍሪካ ወጣት ለ12 ወር ወደ ሌላ የአፍሪካ አገር ይልካል። ኅብረቱ እዚሁ ከተማችን ነው ያለው፤ እኛ ግን በጎ ፈቃድ ሲባል ዓይናችን አውሮፓ ላይ ብቻ ነው። ከአረጋውያን ጋር መሥራት እንደምትወዱ ለማወቅ ደግሞ አውሮፕላን አያስፈልግም። እዚሁ አገር አረጋውያንን የሚረዳው መቄዶንያ ሄዳችሁ አንድ ክረምት አገልግሉ። እኔ ይህን ያደረግኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው፣ በፊት ባደርገው ኖሮ ጥያቄዬን ይዤ ነበር የምሄደው።

አንዳንድ ሰው ይህን ስናገር ቅር ይለዋል። በጎ ፈቃድ ለሌላው ነው፣ አንቺ ደግሞ ስለ ራስሽ ግብ ታወሪያለሽ ይለኛል። ለዚህ የአባቴን ታሪክ ነው የምነግረው። አባቴ የተማረው ጎጃም አንድ ትንሽ ከተማ ነው። እንግሊዝኛ ያስተማረው የአሜሪካ መንግሥት በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሌላ አገር በሚልክበት ፕሮግራም፣ በፒስ ኮር፣ የመጣ አሜሪካዊ ነበር። እነዚህ መምህራን አገራችን መግባት የጀመሩት በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ብቻ ወደ 300 ይጠጉ ነበር። ታዲያ የአባቴ መምህር ገና ክፍል በገባ ቀን "ሁለት ዓመት ነው የምቆየው፣ ከዚያ ተመልሼ ሕግ እማራለሁ" አላቸው። ልጆቹ ቅር አላቸው፣ ሳይጀምር ስለ መሄድ ያወራል ብለው። ሰውዬው ግን ሁለቱን ዓመት ቅዳሜን ጨምሮ አስተማራቸው። አባቴ ዛሬም "የሚሄድበትን ስለሚያውቅ እኛ ላይ ሙሉ ልቡን ጣለ" ይላል። በዚያው ዘመን የእኛም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ከማግኘታቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ያገለግሉ ነበር፣ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በሕብረት ደግሞ ወደ 60,000 ተማሪና መምህር ዘምቷል። እነዚያ ግዴታ ነበሩ፣ ዓመቱን የወሰነላቸው ሌላ ነው። ዛሬ የሚሄደው ልጅ ግን ማንም አልላከውም። ለምን እንደሚሄድ የሚያወጣለትም ከራሱ ሌላ የለም።

ቀጣሪዎችንም አንድ ነገር ልለምን። አንድ ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በሠራተኛ ሰዓት የሠራ ልጅ ዜሮ ዓመት አይደለም። ግብር ያልተከፈለበት ደመወዝ ስለሌለው ነው። ወረቀቱ ተመርምሮ፣ ተደውሎ ተጠይቆ፣ ቢያንስ ግማሹ ቢቆጠርላቸው ምን ይጎዳል? እናንተም የጋዜጣው አዘጋጆች ሄደው የተመለሱ ልጆችን አነጋግሩልን። የቀሩትንም፣ የተጸጸቱትንም፣ የተሳካላቸውንም።

የጎረቤቴ ልጅ ትናንት ማታ ደብተሯን ይዛ ወደ እኛ ፎቅ ወጣች። ሁለት ማስታወቂያ ለጥፋለች፣ ሦስተኛው አልተገኘም። ከሥራቸው በእጅ ጽሑፏ "የመርሳት ሕመም ካለባቸው ሰዎች ጋር መሥራት የዕድሜ ልክ ሙያዬ ሊሆን ይችላል?" ብላለች። ከዚያ በታች "እስከ ጥር ቢ ዋን"። ስለ ብሩ ለእናቷ እንዳልነገረቻቸው አየሁ፣ ያንን ገጽ ባዶ ትታዋለች። አብረን ወረድን። እናቷ ራት እያቀረቡ ነበር። እሷ ስትናገር እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም። እናቷ ሰምተው ሲጨርሱ ለረጅም ጊዜ እንጀራውን ዝም ብለው ቆረሱ። በኋላ "ታዲያ ብርድ ልብስ አለሽ?" አሏት። ሰኞ ጠዋት ለውክልናው ሦስታችንም ውልና ማስረጃ እንሄዳለን።

አክባሪያችሁ
ከቱሉ ዲምቱ